«ቲቸር፣ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?»

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ ለአንድ ወር የተካሄደ የወጣት ተማሪዎች የፈጠራ ጽሑፍ ሥልጠና በተዘጋበት ዕለት የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በነፃ ጋዜጠኝነት የሚሠሩ የዘወትር ጸሐፊያችን ናቸው። - ዝግጅት ክፍሉ)



በእጃችሁ በያዛችሁት የፕሮግራም ወረቀት ላይ የእኔ ተራ «የፈጠራ ጽሑፍ ሥልጠና ለወጣቶች ያለው ጠቀሜታ» ይላል። ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። መቼም ጠቀሜታውን ለመናገር ሃያ ደቂቃ አያስፈልግም፤ «ይጠቅማል» ብሎ መቀመጥ ይቻላል። አዳራሹም ያጨበጭባል፣ ቡናውም ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። እኔ ግን ዛሬ ያንን ላደርግ አልመጣሁም።

ከፕሮግራሙ ወረቀት ጋር አንዲት መድበል ተሰጥታችኋለች። ሃያ ሁለት ጽሑፎች አሏት። ቁጠሩ፣ ሃያ ሁለት ናቸው። ለአንድ ወር የሠለጠኑት ልጆች ግን ሃያ ሦስት ናቸው። አንዷ ሰንፋ ይሆናል ትሉ ይሆናል። አልሰነፈችም። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የጻፈችው እሷ ናት፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ ሲጽፉ እሷ አራት ጊዜ ጽፋለች። ስለ እሷ ለመናገር እሷንም እናቷንም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። «ይንገሯቸው፣ ስሜን ግን አይጥሩ» ብላኛለች። አልጠራም። ጓደኞቿም እባካችሁ አትዙሩ፤ ወደኔ ተመልከቱ።

እሷ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ወሩ እንዴት እንዳለፈ ላጫውታችሁ።

ሥልጠናውን የመሩት ሁለት ልቦለድ ያሳተሙ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ደራሲ ናቸው። እኔ ረዳታቸው ነበርኩ። ረዳት ማለት ወረቀት የሚያባዛ፣ እርሳስ የሚቀርጽ፣ የልጆቹን ጽሑፍ መጀመሪያ የሚያነብ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ደራሲው ገብተው «የፈለጋችሁትን አንድ ገጽ ጻፉ» አሉና ወንበር ስበው ጋዜጣ ማንበብ ጀመሩ። ልጆቹ ግራ ገባቸው። አንዱ እጁን አውጥቶ «ርዕሱ ምንድነው?» አለ። «የለም» አሉት። «ስንት መስመር?» አለ ሌላው። «እስክትጨርስ» አሉት።

ማታ ያንን ሁሉ ወረቀት ቤቴ ወስጄ አነበብኩት። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ «ከዕለታት አንድ ቀን» ብለው ጀምረዋል። አሥራ ሰባቱ ደግሞ «ስለዚህ ሁላችንም» ብለው ጨርሰዋል። ስለዚህ ሁላችንም ደንን እንንከባከብ። ስለዚህ ሁላችንም ወላጆቻችንን እናክብር። ስለዚህ ሁላችንም ተግተን እናጥና። እግዜር ያሳያችሁ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከነሙሉ ጤንነቱ፣ ከነፍቅሩ፣ ከነንዴቱ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መግለጫ ነው! በመካከላቸው አንድም ሰው የለም። የሚበላ፣ የሚሰርቅ፣ የሚዋሽ፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የለም።

በልጆቹ አልፈርድም። እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ክረምት ጻፉ ተብለን የቤታችን ጣሪያ ስለሚያፈስበት ቦታና እናቴ ስለምትደቅንበት ባልዲ ጻፍኩ። ደብተሬ በቀይ እስክሪብቶ «ከርዕስ ወጥተሃል» ተብሎ ተመለሰልኝ። ጓደኛዬ ክረምት ለገበሬው ያለውን ጥቅም ጽፎ ከአሥር ዘጠኝ አገኘ። እሱ ገበሬ አይቶ አያውቅም ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ከርዕስ አልወጣሁም።

በሁለተኛው ቀን ደራሲው «ነገ ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ» አሉ። አንዱ እጀታው የተሰበረ ጀበና አመጣ። አንዱ የአባቱን የዕድር ካርድ፣ ሌላዋ የአንድ እግር ጫማ። አንዷ ቁልፍ ይዛ መጣች። ቁልፏን ልብ በሉልኝ። ትእዛዙ እንዲህ ነው፦ የዕቃውን ስም ሳትጠሩ፣ «ውብ»፣ «ድንቅ»፣ «አስደሳች» የሚሉ ቃላት ሳትጠቀሙ፣ የሚያነበው ሰው ዕቃውን በእጁ እንዲይዘው አድርጉ። ያለ «ውብ» መጻፍ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያያችሁ ከሆነ! አንዱ ልጅ ሩብ ሰዓት ያህል ወረቀቱን ብቻ ሲያይ ቆየና «እሺ ‹ቆንጆ› ማለት ይቻላል?» አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ታክሲ እንዲሳፈሩና የሰሙትን ንግግር ቃል በቃል ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ። ይዘው የመጡት ጉድ ነው። በአንደኛው ጽሑፍ ላይ ወያላው «ውድ ተሳፋሪዎች፣ እባካችሁ የጉዞ ሒሳባችሁን ክፈሉ» ይላል። ደራሲው እየሳቁ «ልጄ፣ ይህን ወያላ የት አገኘኸው? እኔም በሱ ታክሲ ልሂድ!» አሉት። ልጁ «እንደዚያማ አላለም፤ ግን ሲጻፍ...» አለ። ያቺ «ሲጻፍ» የምትል ቃል የሁሉ ነገር ሥር ናት። በአፋችን አንድ ቋንቋ አለን፣ እስክሪብቶ ስንይዝ ሌላ እንለብሳለን፤ ልክ ለፎቶ እንደተውሶ ኮት። በሚቀጥለው ቀን ያው ልጅ ወያላውን «ከኋላ ሒሳብ! ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሦስተኛ ሰው አለ» አስባለው። ክፍሉ አጨበጨበለት።

ግጥም የሚጽፉትን ለሁለት ሳምንት ቤት መምታት ከለከሏቸው። ይኼ እንኳ አስቆጥቶ ነበር፤ ቤት የማይመታ ግጥም ምን ግጥም ነው? በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ያደገ ወላጅ ይሄን ቢሰማ ልጁን ከሥልጠናው ያስወጣል። ነገር ግን ምክንያት ነበራቸው። ልጁ «እናቴ» ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ የሚመጣው «አንጀቴ» ነው፤ ከዚያ «ሕይወቴ»። ልጁ አይደለም የሚያስበው፣ ቤቱ ነው የሚያስብለት።

ይሄ ዘዴ የእሳቸው ፈጠራ ብቻ አይደለም። ኬኔት ኮክ የሚባል፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ቁጥር 61 በሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ሕፃናትን ግጥም ማስጻፍ ጀመረ። ቤት ምቱ አላለም፤ እንዲያውም ተዉት አለ። እያንዳንዱን መስመር «እመኛለሁ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ከልጁ አንድ መስመር ከልጅቷ አንድ መስመር እየተዋጣ የክፍሉ ግጥም ይሁን አለ። በሌላ ቀን ደግሞ በየመስመሩ ውሸት ዋሹ አላቸው። ልጆች ዋሹ ሲባሉ ምን ያህል እውነት እንደሚናገሩ ገመቱት። ይህን ሁሉ በ1970 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል።

ሌላም አለ። ዴቭ ኤገርስ የተባለው ደራሲ ከአንዲት አስተማሪ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች የጽሑፍ ቤት ከፈተ። ቤቱ ያለበት መንገድ በከተማው ደንብ ለሱቅ ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ተገኘ። የኛ አገር ሰው ቢሆን ወይ ጉቦ ይከፍላል ወይ ተስፋ ይቆርጣል። እነሱ ከፊት የባሕር ወንበዴ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈቱ፤ ያንድ ዓይን መሸፈኛ፣ ባንዲራ ምናምን የሚሸጥበት። ከኋላ ልጆቹ ይጽፋሉ። ደብሊን ላይ ሮዲ ዶይል የተባለው የአየርላንድ ደራሲ በ2009 ይህንኑ አይቶ ከባልደረባው ጋር ነፃ የጽሑፍ ማዕከል አቋቋመ። ለንደንም ኒክ ሆርንቢ ተከተለ፤ እዚያ የሚሸጠው የጭራቅ ዕቃ ነው። በነዚህ ቤቶች ከተለመዱት ነገሮች አንዱ ክፍል ሙሉ ተማሪ መጥቶ አንድ ታሪክ በጋራ ይጀምርና ማብቂያውን እያንዳንዱ ለየብቻው ጽፎ መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። ማብቂያው የልጁ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አሜሪካኖች ለአዋቂዎቹም ከጀመሩ ቆይተዋል። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፊዎች ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ አለ። በ1967 ደግሞ ከየአገሩ ደራሲ የሚጋበዝበት ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ተከፈተ። የኛው አቤ ጉበኛ፣ «አልወለድም» የሚለው መጽሐፉ በጃንሆይ ጊዜ የታገደበት አቤ ጉበኛ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ እዚያ ተጋብዞ ሄዷል። ዛሬም አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው የወጡት ዲናው መንግሥቱና መዓዛ መንግሥቴ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወጣቶችን ድርሰት ያስተምራሉ። ይህን ስሰማ ደስም ይለኛል፣ ያስቆጨኛልም።

ግን ነገሩ የፈረንጅ ብቻ አድርገን እንዳንወስደው። አንዳንድ ሰው «ድርሰት ተሰጥዖ ነው፣ በሥልጠና አይመጣም፣ ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው» ሲል እሰማለሁ። ይህን የሚለው ሰው ቅኔ ቤት የሚባል ነገር በአገሩ መኖሩን ረስቶ ነው። የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዋድላ ቅኔ ቤቶች ለስንት መቶ ዓመት ሲሠሩ የኖሩት ምንድነው? መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፣ ይፈታዋል፣ ምሥጢሩን ያሳያል። ተማሪው ያንን ይዞ ዛፍ ሥር ወይም መቃብር ቤት ጥግ ደበሎውን ተከናንቦ ይቆጥራል። «ይቆጥራል» ነው የሚባለው፤ መቁጠር ማለት መፍጠር ነው። ከዚያ ይመጣና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናለታል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል። የሸመደደውን አይደለም የሚነግረው፤ ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ ቢደግም ይሳቅበታል። ሆዱን በኮቸሮ ደልሎ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲፈጥር የሚገደድ ተማሪ በዓለም የት አለ? ሐዲስ ዓለማየሁ እኮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ከዚያ ቤት አልፈው ነው። ሴት አይገባበትም ለሚልም፣ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል።

እንግዲህ የቅኔ መምህር ተማሪውን «አይሆንም» ሲለው የት ላይ እንዳልሆነ ይነግረዋል። ሰዋስውህ ፈረሰ፣ ታሪኩን አዛብተሃል፣ ሰምህ ከወርቅህ አልገጠመም ይለዋል። ተማሪው ያፍራል፣ ይናደዳል፣ ግን ያውቃል። እዚህ ላይ ነው እኛ ከሳቸው ያነስነው። አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ቁልፏን ይዛ የመጣችው ልጅ በሦስተኛው ቀን ስለ ቁልፉ ቅርጽ፣ ስለ ዝገቱ ጻፈች። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ቁልፍ ታሪክ አደረገችው። እንዲያነበብ ስላልፈቀደች አላነበውም፣ ነገሩን ብቻ ልንገራችሁ። ቁልፉ የእናቷ ነው። የሚከፍተው ቤት የለም። ቤቱ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በሚባለው ሰፈራቸው ሲነሣ ፈርሷል። ዳር አገር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ በሩም ቁልፉም አዲስ ነው። እናቲቱ ግን ማታ ከሥራ ሲመለሱ ከቦርሳቸው መጀመሪያ የሚያወጡት የድሮውን ቁልፍ ነው። በሩ ላይ ይሞክሩታል፣ ይስቃሉ፣ ይመልሱታል። በማግስቱም እንደዚያው። ልጅቷ «ለምን አትጥይውም፣ እማዬ?» ስትላቸው የመለሱላት አንድ መስመር አለ፤ ጽሑፉ እዚያ ላይ ያልቃል። «ስለዚህ ሁላችንም» የሚል የለበትም።

በታሪኩ ውስጥ ባለሥልጣን አልተሰደበም። መንግሥት የሚል ቃል የለም። «ፈረሰ» የሚል ግስ አንድ ጊዜ ብቻ አለ። ልማቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አትልም፤ አዲሱ ቤት ውኃ በየፎቁ እንዳለው እንኳ ጽፋለች። ደራሲው አንብበው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይቺ ትቀድማለች» አሉ፤ የመድበሉ መክፈቻ ትሁን ማለታቸው ነው።

ከዚያ መድበሉ ለአዘጋጆቹ ቀረበ። ከሁለት ቀን በኋላ ተጠራን። «ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ግን ጊዜው አይደለም» ተባልን። ሰዎቹን አላማም። አዳራሽ የሚፈቅድላቸው አካል አለ፣ ወረቀት የገዛላቸው አካል አለ፣ ደመወዝ የሚያበሏቸው ልጆች አሏቸው። «ለልጅቷም ብለን ነው» አሉ። ይቺ «ለልጅቷ ብለን ነው» የምትባል ነገር ትልቅ ጉልበት አላት፤ ማንም ሊከራከራት አይችልም። ደራሲው ሁለት ቀን ተሟገቱ። በሦስተኛው ደከማቸው። እኔ አንድም ቀን አልተሟገትኩም። እኔ ዲፕሎማዬንና እስክሪብቶዬን ይዤ በየጋዜጣው ስለ ፕሬስ ነፃነት የምጽፈው ሰውዬ ዝም አልኩ። «ለልጅቷ አንተ ንገራት» ሲሉኝም እሺ አልኩ።

የነገርኳትን ስሙ። «ጥሩ ናት፤ ግን ትንሽ ይቀራታል። እስቲ እንደገና ሞክሪያት» አልኳት። እውነቱን ለማለት አፌ አልደፈረም። ይህን ስል ደግሞ ደግነት የሠራሁ መስሎኛል፤ እንዳትፈራ፣ እንዳይከፋት። እሷም «ቲቸር፣ ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?» አለችኝ። ምን ልመልስ? «አንቺው ፈልጊው» ብዬ ሄድኩ።

ፈለገችው። በማግስቱ ሁለተኛ ቅጂ ይዛ መጣች። እናትየዋ የሚናገሩትን አውጥታዋለች፤ ንግግሩ ቋንቋው የሰፈር ስለሆነ ይሆናል ብላ። ዝም ስላት ሦስተኛውን አመጣች። ቁልፉ የለም። እናትየዋም ወጥተዋል። አንዲት ስም የሌላት ልጅ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ትሄዳለች። አራተኛውን የሰጠችኝ ሐሙስ ዕለት ነው። ርዕሱ «ውቧ ከተማችን» ይላል። እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚጨርስ መናገር አያስፈልገኝም፤ ታውቁታላችሁ። ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ልጅቷን ያስለቀቅናትን ሁሉ በአራት ቀን መልሳ ለበሰችው። ያለበሳት ካድሬ አይደለም፣ ሳንሱር ክፍል አይደለም። እኔ ነኝ፤ «ትንሽ ይቀራታል» በሚሉ ሁለት ቃላት።

አራተኛዋን አዘጋጆቹ ሲያዩ «ይቺማ ትግባ!» አሉ። ደራሲው ግን «ይቺ የሷ አይደለችም፤ ስሟን አልጽፍባትም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ አንደኛዋም አልገባችም፣ አራተኛዋም አልገባችም። ሃያ ሁለት የሆነው እንዲህ ነው።

ሳንሱር በዚህ አገር በሕግ የተነሣው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ሕገ መንግሥቱም በ1987 አንቀጽ 29 ላይ ደግሞ ጻፈው። እውነት ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቷል። ሠራተኞቹ ግን የት እንደገቡ የጠየቀ የለም። እኔ አንዱን አውቀዋለሁ፤ እኔው ጋ ነው ያደረው፣ ኪራይ ሳይከፍል።

አንድ የማከብራቸው መምህር ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ሰምና ወርቅ አስተምሯታ! አባቶቻችን ንጉሥን በወርቁ ሲሰድቡ በሰሙ ተሸልመዋል» አሉኝ። ሐሳቡ ይማርካል። ግን አልተስማማሁም። ሰምና ወርቅ ባለቅኔው ወዶ የሚመርጠው ጥበብ ነው። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የእናቷን ቁልፍ እንድትደብቅ ማዘዝ ጥበብ ማስተማር ሳይሆን መደበቂያ ማሳየት ነው። ደግሞ ምን የሚደበቅ ነገር አለ? ቁልፉ ቁልፍ ነው። ወርቁ ላይ ላዩን ነው ያለው።

አደጋ የለም አልልም። ታሪካችንን አውቃለሁ። በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር፤ ታምሩ ፈይሳ፣ ዮሐንስ አድማሱ፣ አበበ ወርቄ፣ ኢብሳ ጉተማ። መጀመሪያ ሽልማት ነበረው፤ ግጥሙ እየመረረ ሲሄድ ከባለሥልጣኖቹ ጋር ሆድና ጀርባ ሆነ። ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የምንለው፣ በ1959 «በረከተ መርገም»ን አሰማ። እሱ በ2007 ዓ.ም. በስደት ስዊድን አገር ነው የሞተው። በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወላጅ ልጁ ሲጽፍ ቢፈራ አይፈረድበትም። የልጅቷ እናትም ይህን ንግግር ለማድረግ ፈቃድ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ያሉኝ «ልጄን ምን ያደርጓት ይሆን?» ነው። እኔም አረጋግጬ ልመልስላቸው አልቻልኩም። «ስሟ አይጠራም» ብቻ አልኳቸው።

ስለዚህ የምለው «አትፍሩ» አይደለም። ፍርሃት ካለ ፍርሃት ነው እንበል፤ ስሕተት ነው አንበል። ለልጅቷ ልነግራት የሚገባኝ እንዲህ ነበር፦ «ጽሑፍሽ ምንም አይቀረውም። የማይታተመው እኛ ስለፈራን ነው። ይኸውልሽ፣ ደብቀሽ አስቀምጪው፣ ወይ ሌላ ቦታ ስጪው፣ ወይ ቅደጂው፤ ያንቺ ነው።» ይህን ብላት ትናደድ ነበር። ትናደድ! ተናዳ ግን ቁልፉን አታወጣውም ነበር። እነዚያ ደብሊን ያሉት ልጆች የታሪኩ ማብቂያ የራሳቸው ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። እኔ የነጠቅኳት ማብቂያዋን ነው።

ወደፊት ይህን ሥልጠና የምታዘጋጁ ሰዎች አላችሁ፤ በየክልሉ ልትቀጥሉት እንዳሰባችሁ ሰምቻለሁ፣ መልካም ነው። ብዙ ምክር የለኝም። ደራሲ ስትጋብዙ መድበሉ ላይ ማን እንደሚወስን ከመጀመሪያው ቀን በወረቀት ጻፉና ልጆቹም ያንብቡት። የሚወጣ ጽሑፍ ካለ ያወጣው ሰው ራሱ ልጁ ፊት ተቀምጦ ምክንያቱን ይናገር፤ እንደኔ ያለ መልእክተኛ አይላክ። ለደራሲውም ጥቂት ክፈሉት፤ በዚህ የወረቀት ዋጋ መጽሐፍ አሳትሞ የሚኖር ሰው አላየሁም፣ በነፃ የመጣ ሰው ደግሞ ሁለት ቀን ተሟግቶ በሦስተኛው ቢደክመው አይፈረድበትም።

የመድበሉን ሃያ ሁለት ጽሑፎች ዛሬ ማታ አንብቡ። የወያላው ታሪክ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ነው፣ ያስቃል። ስለ ዕድር ካርዱ የጻፈው ልጅ ደግሞ፣ እዚህ ስሙን መጥራት ይቻላል ብሎኝ ነበር፣ ግን አንዷን ሳልጠራ ሌላውን ብጠራ ደስ አይለኝም። እሱ ይረዳኛል።

የመጀመሪያው ቅጂ እኔ ጋ ነው ያለው፣ እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ። ትናንት በስልክ ለልጅቷ እውነቱን ነግሬያታለሁ። ብዙ ዝም አለች። ቀጥላ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ልክ ነበር?» አለች። «ልክ ነበር» አልኳት። «ይመልሱልኝ» አለች። ከዚህ ስወርድ እመልስላታለሁ። ምን እንደምታደርገው አልጠየቅኳትም።

ጥያቄ ያለው ካለ አለሁ።